ጉልበተኛው ቅባት

ሰዓደት ሙሔ በዚህች ምድር ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሌባ አትፈራም፤ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ መሀል የሌባ ክንድ ጨምድዳ ይዛ የጎረቤቷን ቦርሳ ያስመለሰች ሴት ናት። ዘበኛም አትፈራም። ባሏ ጠይብ ሞቶ ከአንዲት ሴት ልጅ ጋር ስትቀር እንኳ «አላህ አለ» ብላ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ከበርበሬ ጆንያዋ ኋላ ተቀመጠች። የምትፈራው ያንን በሽታ ነው። ስሙን አትጠራውም። ጣት የሚቆርጠውን፣ ሰውን በቁሙ ከሰው ተራ የሚያስወጣውን ማለቴ ነው።

ብትፈራ አይፈረድባትም። ወሎ እያለች፣ ገና የልጅነት ጥርሷን ሳትነቅል፣ አንድ ጎረቤታቸውን ከመንደር አውጥተው ወንዝ ማዶ ጎጆ ሲቀልሱለት አይታለች። ምግቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጠውለት ዞር ይሉ ነበር። የሰውየው ሴቶች ልጆች ቆንጆዎች ነበሩ፤ ግን ማን ያግባቸው? «በዘር ይሄዳል» ተብሎ ሁሉም ቆመው ቀሩ። ሰዓደት አዲስ አበባ መጥታ፣ መርካቶ ገብታ፣ ባል አግብታ፣ ልጅ ወልዳም ያ ድንጋይ ከዓይኗ አልጠፋም።

እንግዲህ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግድም ነው፤ ክረምቱ ወጣ ሲል የቀኝ እጇን ጣቶች መካከል ያሳክካት ጀመር። መጀመሪያ ማሳከክ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀላ፣ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ፤ ግራ እጇንም አዳረሰ። ቅርፊቱ ሲረግፍ ከሥሩ ነጣ ያለ ቆዳ ብቅ አለ። ይሄኔ ሰዓደት ያው እሱ ነው ብላ ደመደመች።

ለሌላ ሰው እጅ እጅ ነው። ለበርበሬ ሻጭ ግን ሱቋ ነው። በዚያ ዘመን ሸክላ ፈጭተው ከበርበሬ የሚቀይጡ አይጠፉም ነበርና ገዢ ሳይቀምስ አይገዛም። ሻጯ ከጆንያው ትዘግንና መዳፏ ላይ በተን ታደርጋለች፤ ገዢ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ከመዳፏ ያነሳል፣ ይቀምሳል፣ ያስነጥሳል፣ ይገዛል። መዳፏን የምትሰስት ሻጭ «አንድ ነገር ደባልቃለች» ትባላለች። ታዲያ የሰዓደትን እጅ አይቶ ማን ከላዩ ይቀምሳል?

የባሰው ደግሞ የልጇ ነገር ነበር። ዘኪያ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለሙደሲር ታጭታለች። ሙደሲር አቡጀዲ የሚነግዱት የእትዬ ጠሂራ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ የማያደርግ ልጅ። ኒካው አረፋ ሲያልፍ ሊታሰር ቀን ተቆርጧል። ሰዓደት እጇን ባየች ቁጥር ቁስሉ አይደለም የሚታያት፤ እትዬ ጠሂራ ሽማግሌ ልከው «ቃላችንን አንስተናል» ሲሉ ነው።

ስለዚህ ደበቀች። እጆቿን እስከ አንጓዋ ድረስ ሂና ቀባች። ሂናው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አንጨረጨራት፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። አጠገቧ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጠው ሸዋርካብሽ ግን አፏ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሴት ናትና አላለፈቻትም።

«ሰዓደት፣ የምታገባው ልጅሽ ናት ወይስ አንቺ?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ!» አለች ሰዓደት።

«እኔ ደግሞ በድብቅ ባል ያገኘሽ መስሎኝ! ካገኘሽ ንገሪኝ፣ እኔም ጸጉሬን ልሠራ።»

ሰዓደት ሳቀችና እጆቿን ነጠላዋ ሥር አስገባች።

ሂናው መልኩን ሸፈነው እንጂ ሥቃዩን አልነካውም። ቢጨንቃት ምን አለሽ ተራ ጀርባ ወዳለች አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት ሄደች። ባለቤቱ አቶ በሪሁን ድሮ ሐኪም ቤት ቁስል የሚያሽጉ ድሬሰር የነበሩ፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ «ለአንዲት ዘመዴ ነው» አለቻቸው፤ የሚያሳክከውንና የሚሰነጣጠቀውን ነገር ዘርዝራ ነገረቻቸው።

«ትምጣና ልያታ» አሉ።

«ሩቅ ናት ጋሼ። ደሴ።»

አቶ በሪሁን አመነቱ፤ ከዚያ ከመደርደሪያው አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ቱቦ አወጡ። «ይሄ ከውጭ የመጣ ቅባት ነው፤ ጉልበተኛ ነው። ቁስሉ ላይ ብቻ፣ ስስ አድርጋ ትቀባ። ከሁለት ሳምንት እንዳታሳልፍ። ፊቷን ፈጽሞ እንዳታስነካው። ካልተሻላት ሐኪም ይያት እንጂ በዚህ እንዳትቀጥል።»

ሰዓደት አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። ልቧ ውስጥ የገባው ግን «ጉልበተኛ» የሚለው ብቻ ነው።

ጉልበቱስ ምኑ ይወራል! ሳምንት ሳይሞላ ማሳከኩ ድራሹ ጠፋ፤ ስንጥቁ ገጠመ፤ እጇ እንደ ልጅነቷ ሆነ። ሰዓደት ሱጁድ ወርዳ አለቀሰች። ቱቦው አለቀ፤ ቅባቱንም ተወች። ትንሽ ሰንበት ብሎ ያ ነገር ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። እሷም በራሷ መንገድ ፈታችው፦ በሽታው አልሞተም፣ ታስሮ ነው የከረመው፤ ዘበኛው ቅባቱ ነው፤ ዘበኛው ዞር ካለ እስረኛው ያመልጣል። ከዚያ ወዲያ ማን ያስጥላት? አቶ በሪሁን «ዘመድሽን ሐኪም ካላያት ከእንግዲህ አልሸጥልሽም» ሲሏት መርካቶን ዞራ ከሌላ ቦታ ገዛች። ወፍራም አድርጋ ትለቀልቅና በላስቲክ ጠቅልላው ትተኛለች። የእጇ ቆዳ ሳስቶ ሳስቶ የሽንኩርት ልጣጭ አከለ፤ የበርበሬ ዛላ ጫፍ ሲጭራት ይደማል። ለሚያያት ሰው ግን ለስላሳ፣ ፈካ ያለ እጅ ነው።

አንድ ቀን ዘኪያ መርፌ ፍለጋ የእናቷን ሳጥን ስትበረብር ቱቦዎቹን አገኘቻቸው። «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

ሰዓደት ክው አለች። እውነቱን ብትናገር ልጅቷ ትደነግጣለች፣ ለሙደሲር ትነግረዋለች፣ ሙደሲር ለእናቱ፣ አለቀ! «የቁንጅና ቅባት ነዋ» አለች። «የአረብ አገር ሴቶች የሚቀቡት። እጄን አታዪም እንዴ?»

ዘኪያ እጇን ይዛ አገላበጠችው። «ወላሂ የሕፃን እጅ መስሏል!» አለች።

ኧረ ምን ዓይነት ቂልነት ነው! ልታገባ ቀን የምትቆጥር ልጃገረድ ፊት «የቁንጅና» ተብሎ ነገር ይጠራል? ሌላ ውሸት ጠፍቶ ነው? «የአህያ ቁስል መድኃኒት ነው» ብትላት ምን ነበረበት! ፍርሃት ግን ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም፤ አፍ ላይ ያለውን ያስወጣል።

ብዙም ሳይቆይ የዘኪያ ፊት በራ። እትዬ ጠሂራ ሊጠይቋቸው በመጡ ቁጥር አገጯን ይዘው «ሰዓደት፣ ይቺን ልጅ ምን ብታበያት ነው?» ይላሉ። ሰዓደትም የሙሽርነት ወዝ መስሏት ደስ አላት። ቅባቱ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅባትም እሷ ራሷ ያበዛችው መሰላት።

አንድ ረፋድ ላይ ዘኪያ ፊቷን ታጥባ ሻሽ ሳትከናነብ ወጣች። ጉንጮቿ እሳት የላሳቸው ይመስላሉ። ከቆዳዋ ሥር ቀጫጭን ቀያይ ሥሮች ይታያሉ፤ የአፏን ዙሪያ ጥቃቅን ሽፍታ ወርሶታል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሰዓደት «ከእኔ ወደ ልጄ ተሻገረ» አለች በሆዷ። ያ ወንዝ ማዶ ያለ ጎጆ ታያት፤ በሩ ላይ የቆመችው ግን ዘኪያ ናት። ሳጥኑን በርግዳ ቱቦውን አወጣች፤ ክዳኑን በጥርሷ ፈታችው።

«ነይ፣ ነይ ልቀባሽ! ቶሎ በይ!»

«እሱንማ እየተቀባሁት ነው እማዬ» አለች ዘኪያ ግራ ተጋብታ። «ሲያቃጥለኝ ጊዜ ጨመር አደረግሁ። ሳልቀባ ስውል ነው የሚብስብኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ የቁንጅና ነው ካልሽኝ ጀምሮ ነዋ።»

ሰዓደት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ እናትና ልጅ ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የዘኪያን ፊት ወደ መስኮቱ አዙሮ አየ፣ ቱቦውን አነበበ፣ ከዚያ «ይሄ ለማን የተገዛ ነው?» አለ። ዘኪያ «የእናቴ ነው» አለች። ሐኪሙ ወደ ሰዓደት ዞሮ «እናቴ፣ እጅዎን ያሳዩኝ» አላት።

«መጀመሪያ ልጄን አስወጣልኝ» አለች።

ዘኪያ ስትወጣ ሰዓደት ነጠላዋን ፈታች። በሹክሹክታ «እሱ ነው?» አለች።

«እሱ ማን?»

«እሱ ነዋ! ጣት የሚቆርጠው።»

ሐኪሙ አልሳቀባትም። ዓይኗን አስጨፍኖ እጇን፣ ክንዷን፣ እግሯን በጥጥ ጫፍ እየነካ «ሲሰማዎት ይንገሩኝ» አላት። «እዚህ። እዚህ። እዚህም» አለች። ሰውነቷን አገላብጦ አየ፤ ክርኗንና ጉልበቷን ዳበሰ። ከዚያ «በርበሬው ሲነካው ያቃጥልዎታል?» ሲል ጠየቃት።

«ማቃጠል ብቻ! ያንገበግበኛል እንጂ!»

«እሰይ! የሚፈሩት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገድለው ስሜትን ነው። የእርስዎ ችፌ ነው፤ በርበሬው የሚያስቆጣው ችፌ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጣትም አይቆርጥም። ያኛውም ቢሆን ዛሬ መድኃኒት አለው።»

አልሃምዱሊላህ ብላ ሳትጨርስ ሐኪሙ ቀጠለ። የልጅቷ ፊት የቅባቱ ሥራ ነው። መተው አለባት። ስትተወው መጀመሪያ ይብስባታል፣ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ምናልባትም በወራት፣ ይድናል። «ቅባቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም» አላት። «እንደታዘዘው ለተቀባው ደህና መድኃኒት ነው። ለእርስዎ እጅ እኔው በልኩ አዝልዎታለሁ። ለፊት ግን አይሆንም። ሌላ የተቀባው ሰው አለ? ቤትዎ ሕፃን የለም?»

«ሕፃንስ የለንም።»

«ጥሩ። ሕፃን ቆዳው ስስ ነው፤ መድኃኒቱ ዘልቆ ደሙ ውስጥ ይገባል። ፊቱ ያብጣል፣ እናቱ የወፈረላት ይመስላታል፣ ውስጡ ግን አቅም ያጣል። ቀላል በሽታ እንኳ ሊጥለው ይችላል።»

ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ማለት ይሄኔ ነው። ዘኪያ ቅባቱን ብትቀጥል ለኒካው ቀን ፊቷ ደህና ይመስላል፤ በኋላ ግን ይበላሻል። ብትተወው አማቶቿ ያንን ፊት ያዩታል፤ አይተውስ ምን ሊሉ ነው? «እስከ ኒካው ብቻ እማዬ፣ እስከ ኒካው!» እያለች ዘኪያ ለመነቻት። ሰዓደት እምቢ አለች። ቱቦዎቹን ለቅማ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች፤ ልጅቷ ፊቷ ተነፍቶ ቤት ተዘጋባት። ለጠየቀ ሁሉ «ጉንፋን ይዟት ነው» ትላለች። ደግሞ ሌላ ውሸት!

እንዲህ እንደሆነ አንድ ቅዳሜ እትዬ ጠሂራ ዘንቢላቸውን ይዘው በርበሬ በረንዳ ብቅ አሉ። ሰዓደት ገና ከሩቅ አየቻቸው። መጡ፤ ሰምተው ነው፤ ቃላቸውን ሊያነሱ ነው። እትዬ ጠሂራ ግን ፊታቸው ፈክቷል። የሠርጉን በርበሬ አማርጠው ሲጨርሱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ስሚ፣ ያ ቅባት አለቀብኝ። ሌላ ካለሽ ስጪኝ።»

«የቱ ቅባት እትዬ?»

«የቁንጅናው ነዋ! ዘኪያ ሰጥታኝ አልነበር? ለእኔ ለአሮጊቷ እንዳይመስልሽ። የልጅ ልጄ ጠሀ ጉንጩ ላይ ሽፍታ ወጥቶበት ነበር፤ ብንቀባለት ጥርግ አለ። ከዚያ ወዲህማ ጠዋት ማታ ነው። እንዴት ያለ ጉንጭ አወጣ መሰለሽ! ድብልብል ብሎልሻል፣ ማሻአላህ። ብታዪው አታውቂውም።»

ጠሀ የሙደሲር እህት የጀሚላ ልጅ ነው፤ ገና ዳዴ አላለም። የሐኪሙ ቃል ሰዓደት ጆሮ ላይ ጮኸ።

«አልቆብኛል» ብትልስ? ማን ያውቅባታል? እትዬ ጠሂራ ዘንቢላቸውን አንስተው ይሄዳሉ፣ ኒካው ይታሰራል፣ ዘኪያ ትዳሯን ትይዛለች። ልጁም እንዲሁ ሊድን ይችላል እኮ! ፍርሃት እንዲህ እያለ ያባብላል። ሰዓደት ዝም ለማለት አፏን ገጠመች። ዳዴ ያላለ ልጅ ግን አላስቻላትም።

«እትዬ፣ የቁንጅና ቅባት አይደለም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «የእኔ መድኃኒት ነው። እጄ ታሞ ነበር። ቁምጥና መስሎኝ፣ ልጄን ይተዉብኛል ብዬ ደበቅሁዎት።»

የሸዋርካብሽ ጣሳ አየር ላይ ቀረ። ግራና ቀኝ የነበሩት ሻጮች ሁሉ ዞረው አዩ።

«ሐኪም አይቶኛል፤ አይደለም፣ ችፌ ነው ብሎኛል። እኔን ይተዉኝ። ልጁ ግን አልወፈረም እትዬ፣ አብጧል! መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። እንዴት እንደሚተው እሱ ይንገራችሁ፣ በራሳችሁ አንድ ነገር እንዳታደርጉ። ይሂዱ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይሂዱ!»

የእትዬ ጠሂራ ፊት አመድ መሰለ። ዘንቢላቸውን እዚያው ጥለው ሰዉን በክንዳቸው እየገፉ ሄዱ።

ወሬ መርካቶ ውስጥ በእግሩ አይሄድም። ለዙሁር ሰላት እስኪጠራ በረንዳው ሁሉ ሰምቷል። «ችፌ» ያለችውን የሰማ የለም፤ «ቁምጥና» ያለችውን ግን ያልሰማ የለም። ሰኞ ስትመጣ ሸዋርካብሽ ምንጣፏን ፈቀቅ አድርጋ ዘርግታለች፤ ዓይኗንም ከእሷ ታሸሻለች። ገዢ ከሩቅ አይቷት ወደ ሌላ ይታጠፋል። ቤት ስትገባ ዘኪያ «ጨረስሽኝ እኮ!» ብላ ታለቅሳለች። የሚገርመው ግን አሁን ሰዓደት የምትፈራው ይሄን ሁሉ አልነበረም። ከእትዬ ጠሂራ ቤት ወገን ኡኡታ ይሰማ እንደሆን ጆሮዋን ጥላ ትውላለች። ሱጁድ ስትወርድ የምትለው «ያ ረቢ፣ ልጁን» ብቻ ነው።

አንድ ሁለት ጁምዓ ካለፈ በኋላ እትዬ ጠሂራ መጡ። ከኋላቸው ጀሚላ ልጇን አዝላ ትከተላለች። ሰዓደት የልጁን እግር ከአንቀልባው ሥር ሲወራጭ ስታየው ትንፋሿ ተመለሰ። እትዬ ጠሂራ ሳይጋበዙ ጆንያዋ ላይ ተቀመጡ።

«ሐኪም ቤት አስተኝተውት ነበር» አሉ። «ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አለና የቀረውን ዋጠው።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች ሰዓደት።

«ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም።»

«ልጁ ቢሞት የአላህ ፈቃድ ነው ብለን እንቀብረው ነበር። አንቺም ሐዘናችን ላይ ተቀምጠሽ ታለቅሺ ነበር።»

ሰዓደት አንገቷን ደፋች። «አዎ እትዬ።»

«ዋሽተሽኛል። እሱን አልረሳልሽም።» እትዬ ጠሂራ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሆን ብለው፣ ዙሪያው ሁሉ እንዲሰማ። «ኒካው ግን በተቆረጠው ቀን ነው። ፊቷ ቢቀላም ቢያብጥም እንዳለች አምጫት። ለሙደሲር ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ ይድናል አይደል የተባለው? እንግዲያው እኛ ቤት ሆና ትዳን አለኝ።»

ሰዓደት ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰው ፊት አላለቀሰችም ነበር። አሁን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ደንግጣ ዓይኗን በበርበሬ እጇ ጠረገችው።

«ዓይኔን! ወይኔ ዓይኔን!»

ሸዋርካብሽ ከምንጣፏ ላይ ተወርውራ ተነሳች። የምትጠጣውን ውሃ በጣሳ ይዛ መጣችና የሰዓደትን ሁለት እጆች ከፊቷ ላይ አላቀቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ያህል ዘመን በርበሬ ሸጠሽ ዓይን በምን እንደሚጠረግ አታውቂም?» አለች እያለቀሰች፤ እሷ ደግሞ ምን እንዳስለቀሳት እንጃ። ፊቷን አጠበችላት። ከዚያ እነዚያን የተሰነጣጠቁ እጆች ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጣት በጣት ታጥብላት ጀመር።